ሲዲአይ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለጀልባ ሞተር ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ወጣ፤ ጀልባዎቻችሁን ወደ ጣና የምትመልሱበት ጊዜ ደረሰ። በዚህ ሰሞን ወርክሾፓችን በር ላይ የምንሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፤ ስለ ከረንት (ሞተሩን የሚያስነሳው የእሳት ብልጭታ) እና ስለ ሲዲአይ (ብልጭታውን በሰዓቱ የሚያስለቅቀው የኤሌክትሪክ ሣጥን) ነው። «ገመዱን ስስብ ውዬ ክንዴ ሊወልቅ ነው። ከረንት የለውም። ሲዲአዩ ሳይቃጠል አይቀርም፣ አንድ አዲስ ስጡኝ።»

ከእንግዲህ ሞተሩ ሳይፈተሽ ሲዲአይ አንሸጥም። ደብዳቤውን የጻፍነውም ለዚሁ ነው። ውሳኔው የመጣው ከራሳችን ስህተት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛችን ለአሮጌ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተሩ ሲዲአይ ጠየቀን። ምንም ሳንጠይቀው አስመጣንለት። ገጠመው፣ ከረንት የለም። በሦስተኛው ቀን ሞተሩን በባጃጅ ጭኖ መጣ። ስንፈታው ከማጥፊያ ቁልፉ ጀርባ አንዲት ሽቦ ተልጣ ብረቱን ነክታለች። ሥራው የአሥር ደቂቃ፣ ዋጋው የአንድ ጥቅል ቴፕ ነበር። የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ከተገጠመ ደግሞ አስመጪ አይመልስም። ኪሳራውን ከደንበኛችን ጋር ተካፈልን፤ እስካሁን ስናየው እናፍራለን።

አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት በገመድ የሚነሳ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ይህ ሞተር ለእሳቱ ባትሪ አይፈልግም። ገመዱን ስትስቡ ቮላኖው (ከገመዱ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ውስጥ ያሉት ማግኔቶች በኮይል (በጥቅል ሽቦ) አጠገብ እየዞሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ሲዲአዩ ያንን ያጠራቅማል። ሌላ ትንሽ ኮይል «አሁን!» ሲለው ይለቀዋል። ከዚያ ቦቢናው (ሌላ ጥቅል ሽቦ) በሺዎች ቮልት አሳድጎ ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታ ለሚፈጥረው ካንዴላ ይሰጣል። ሲዲአዩ የዚህ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ያውም ከሌሎቹ ይልቅ የሚበላሸው አልፎ አልፎ ነው፤ ውድ ስለሆነ ነው መሰለን ሁሉም መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው።

መጀመሪያ ካንዴላውን አውጡ። ሁለቱንም፣ የላይኛው የቱ እንደሆነ ምልክት አድርጋችሁ። ጫፉ ቀላል ቡናማ ከሆነ ጤናማ ነው። ጥቁርና በዘይት የራሰ ከሆነ ታፍኗል። ጣና ላይ ይሄ የሚበዛበት የራሱ ምክንያት አለው። ሐይቃችን ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ያለ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል። ሞተሩ ግን የተሠራው ለባሕር ነው። የካርቡሬተሩ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ) ካልተቀየረ ያንኑ ያህል ቤንዚን ላነሰ አየር ያጠጣል። ትርፉ ካንዴላው ላይ ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ እምቦጭ ውስጥ በዝግታ ስትሄዱ ሞተሩ በቂ ሙቀት አያገኝም፤ ይብስበታል። ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለውን ዘይት «ለመተማመኛ» ብሎ የሚያበዛም አለ። ማኑዋሉ 50 ለ 1 ካለ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ነው፤ በጆግ ለኩት እንጂ በዓይናችሁ አትገምቱ።

ካንዴላ ስትገዙ ቁጥሩን ተመልከቱ። በኤንጂኬ ካንዴላ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ሱቁ 7 የለኝም ብሎ 8 ከሰጣችሁ ይገጥማል፣ ይሠራልም፤ ግን በዝግታ ስትሄዱ ቶሎ ይጠቁራል። አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ለአንድ ቀን ያሻግር ይሆናል። እኛ አንመክረውም፤ ብናኙ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

አሁን ከረንቱን እዩ። የቤንዚን ቱቦውን ነቅላችሁ ታንኩን አርቁ፤ ጀልባው ወለል ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ አድርቁ። ካንዴላውን ካፑ (የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ) ውስጥ መልሱና ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አጥብቃችሁ አገናኙ፤ በእጅ ሳይሆን በሽቦ ወይም በመቆንጠጫ። የሁለተኛውንም እንዲሁ። ካፑን ባዶውን አንጠልጥሎ ገመድ መሳብ ደህናውን ሲዲአይ ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ሳቡ። ሰማያዊና ጠጣር ብልጭታ ጥሩ ነው። ቢጫ፣ ቀጭን፣ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚቀር ከሆነ ደካማ ነው። በእርግጥ ውጭ ላይ ደህና የሚመስል ብልጭታ ሲሊንደር ውስጥ በግፊት ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው እኛ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት በሚያዘልል መፈተሻ የምናየው።

በሁለቱም ሲሊንደር ምንም ከሌለ ቀጥታ ወደ ማጥፊያው ሂዱ። ብዙ ሰው ቁልፉ ሲጠፋ መስመር የሚቆርጥ ይመስለዋል። በእነዚህ ሞተሮች ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ቁልፉ ሽቦውን ከማሳ (ከሞተሩ የብረት አካል) ጋር ሲያገናኝ ነው ሞተሩ የሚጠፋው። ስለዚህ የተላጠች ሽቦ፣ ውሃ የገባበት ቁልፍ ወይም ያልተሰካ የደህንነት ገመድ ሞተሩን «ጠፍተሃል» ይለዋል። ከሲዲአዩ የሚወጣውን የማጥፊያ ሽቦ ንቀሉት፤ በብዙዎቹ ያማሃዎች ነጭ ነው። ከረንቱ ከተመለሰ ጥፋቱ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ሽቦው ተነቅሎ ሞተሩ ከተነሳ በቁልፉ አይጠፋም፤ ቾክ (የካርቡሬተሩን አየር የሚዘጋውን) ስባችሁ ታፍኑታላችሁ። በዚያ ሁኔታ ሐይቅ ላይ አትውጡ። ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ፕሮፔለሩን የሚያቆመው ያ የደህንነት ገመድ ነው።

ክረምቱን በሸራ ተሸፍኖ የቆየ ሞተር ከሆነ ክዳኑን ስትከፍቱ አይጥንም ፈልጉ። አልቀለድንም። ዘንድሮ ብቻ ሁለት ሞተር ከነጎጆው መጥቶልናል፤ የአንዱ የቦቢና ሽቦ እስከ መዳቡ ተበልቷል።

በአንዱ ሲሊንደር ብቻ ከጠፋና ሞተሩ ለየሲሊንደሩ የራሱ ቦቢና ካለው ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እንኳ አያስፈልግም። ቦቢናዎቹን አቀያይሩ። ችግሩ ወደ ሌላኛው ሲሊንደር ከሄደ ቦቢናው ነው። እዚያው ከቀረ ቦቢናው ደህና ነው፤ ካፑን፣ ሽቦውንና ከቦቢናው በፊት ያለውን መስመር ፈትሹ።

ከሁሉ የሚያስቸግረን ሲሞቅ የሚጠፋው ነው። ጠዋት በመጀመሪያ ስበት ይነሳል። ወደ ዘጌ ስትሄዱ ግማሽ መንገድ ላይ ድምፁ ይቀየራል፣ አንድ ሲሊንደር ይከዳል፣ ከዚያ ዝም። ነፋሱ ደግሞ ከሰዓት ላይ ነው የሚያይለው፤ ጀልባው በጎኑ ለማዕበል ይሰጣል፣ ተሳፋሪው ይጮኻል። ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ስትስቡት ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ወርክሾፕ ስታመጡት ቀዝቅዟል፣ በቴስተር ሲለካ ንጹሕ ነው። መካኒኩም «ምንም የለውም» ብሎ ይሸኛችኋል። ይሄ በአብዛኛው ቮላኖው ሥር ያለው ኮይል ውስጡ ተሰንጥቆ ነው። ሲሞቅ ይለጠጥና መስመሩ ይቆረጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። እንዲህ ያለውን ሞተር በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረን አስነስተን እናቆየዋለን። ሲጠፋ እዚያው፣ ትኩሱን እንለካዋለን። ግማሽ ቀን የሚወስድብን ለዚህ ነውና አትቆጡን። የታንኩ የአየር መተንፈሻ ተዘግቶም ሞተር እንዲህ ሊጠፋ ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ከፍታችሁ ሞክሩት።

ከረንቱም ቤንዚኑም ደህና ሆኖ ሞተሩ በካርቡሬተሩ ከተፋ ወይም ገመዱን ከእጃችሁ ከነጠቀ፣ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታስተካክለው ትንሿ የብረት ሽብልቅ ተቆርጣ ይሆናል። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ከመታ ደግሞ በተለይ። ቮላኖውን በመዶሻ አታውጡት፤ ማውለቂያ አለን፣ በነጻ እናውሳለን። ፑንቲና (በሲዲአይ ፈንታ ብልጭታውን የሚያስለቅቅ የሚከፈትና የሚዘጋ መገናኛ) ያላቸው የጥንት ጆንሰንና ኢቪንሩድ ሞተሮች የያዛችሁ ጥቂቶች አላችሁ፦ ክፍተቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፊቱን በንጹሕ ካርድ ጥረጉት። የቀረውን ስትመጡ እናወራለን።

የፍተሻ ሒሳብ እንጠይቃለን። ዕቃውን ከእኛ ከገዛችሁ ይቀነስላችኋል። ስትመጡ ያወጣችኋቸውን ካንዴላዎች አትጥረጉ፣ አትጣሉም። «ላይ»፣ «ታች» ብላችሁ ጽፋችሁ በፌስታል ይዛችሁልን ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጀልባ ሞተር ጥገና ወርክሾፓችሁ
ባሕር ዳር