ፑዱቼሪ አዲስ ስም አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

በደቡብ ሕንድ ጠረፍ ስላለችው ከተማ ስናነሳ «የድሮዋ ፖንዲቼሪ፣ የአሁኗ ፑዱቼሪ» ማለት ለምዶብናል። እኔም ስል ኖሬአለሁ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በታሚል ቋንቋ «ፑዱ» አዲስ፣ «ቼሪ» ደግሞ መንደር ማለት ነው። «ፖንዲቼሪ» ፈረንሳዮች በአፋቸው እንደተመቻቸው ያጣመሙት ነው። በ2006 በሕግ የጸደቀው እንግዲህ የባለቤቶቹ አጠራር ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፈረንሳዮች በ1674 ሰፈሩባት። ሆላንዶች በ1693 ነጠቋቸው፣ በ1699 መለሱላቸው፤ እንግሊዞችም ደጋግመው ይዘዋታል። ሕንድ በ1947 ነጻ ስትወጣ ከተማዋ አብራ አልወጣችም። ርክክቡ የተፈጸመው በ1954 ሲሆን ፈረንሳይ በሕግ የለቀቀችው በ1962 ነው።

ስም ሲለወጥ ታሪክ ይፋቃል ብሎ የሚሰጋ ሰው የከተማዋን ፖሊሶች ቆብ ይመልከት፦ ቀይ፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ የፈረንሳይ ወታደር ቆብ። የአንዳንድ ጎዳናዎች ስምም በፈረንሳይኛና በታሚል እንደተጻፈ አለ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ስም ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ቦይ ነበረ፤ አውሮፓውያን በባሕሩ በኩል፣ ታሚሎች ከቦዩ ማዶ። የባሕሩ ወገን ዛሬም «ነጩ ከተማ» ይባላል፤ በዚሁ ስም ለቱሪስት ይተዋወቃል። እሱን እስካሁን የለወጠው የለም።

አንባቢያችሁ