ማንጎውን እንዳትነካው

የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሐኪሞቹ እስከ መጪው ሳምንት አትወጪም ብለውኛል፤ አታስብ።

ትናንት አጎትህ ደውሎ፣ ማንጎው ቅጠሉ ቀልቶ ስለዛለ ልትቆርጠው መሆኑን ነገረኝ። መጥረቢያውን አስቀምጥ! እኔ ስለተኛሁ ዛፉም የታመመ መሰለህ?

አይፈረድብህም፤ ጨንቻ አያትህ ጋ ነው ያደግከው፣ ደጋ ማንጎ የለም። ማንጎ ሲያቆጠቁጥ እንደዚያ ነው። ለጋው ቅጠል ቀይ ሆኖ፣ እንደረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ይወጣል። ሁሉም ቅርንጫፍ ባንዴ አያቆጠቁጥም፤ በበሩ በኩል ያለው ብቻ የቀላው ለዚህ ነው። የግብርና ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ፣ ለጋ ቅጠል ውስጥ ብርሃን ተቀብሎ ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ ነገር ገና አልተደራጀም። የአርባ ምንጭን ፀሐይ ደግሞ አሁን ቀምሰኸዋል። ቀዩ ቀለም፣ አንቶሳያኒን ትለዋለች፣ ጥላ ሆኖ የበዛውን ብርሃን ይቀንስለታል። ተባይንም ያርቃል የሚሉ አሉ። ቅጠሉ ሲጠነክር ቅላቱ ይጠፋል። ጓሮ ያለችውን ጽጌረዳ እያት፣ የሷም ለጋ ቀይ ነው። እንዳትቆርጠው!

እኔም ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የፊተኛውን፣ አባትህ አንተ የተወለድክ ዓመት የተከለውን፣ ነፋስ ጣለው ብዬህ ነበር። ዋሽቼህ ነው፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለጋው ቀልቶ ቁልቁል ሲንጠለጠል ቡዳ የበላው መሰለኝ። አባትህ ከሥራ ሲመጣ ጉቶውን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን ታጥቦ ገባ፣ ራቱን ሳይበላ ተኛ። በሳምንቱ ይህን አሁን ያለውን ተከለ። ፍሬውን ሳይቀምስ ሄደ፣ ነፍሱን ይማረው።

ቀይ ሁሉ ጤና ነው ማለቴ አይደለም። የበቆሎው የታችኛው፣ ያረጀው ቅጠል ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ከዞረ ፎስፈረስ አንሶት ይሆናል፤ ባለሙያዋን ጥራት። ማንጎው ቅጠል ላይ ነጫጭ ነጥብ ካየህም ቶሎ ንገራት፣ ያ ከወለጋ ተነሣ የሚባለው ነጭ ተባይ እንዳይሆን። አንተ ግን አትንካው ብያለሁ።

የጤና መድኅን ደብተሬ ከአልጋው ራስጌ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ አጎትህ ሲመጣ ላክልኝ። ምሳህን በሰዓቱ ብላ፣ ከስተሃል አሉ። ፍየሏን እሰራት፤ እሷ ለጋውን ካገኘችው ቀይ ነው አረንጓዴ ነው አትልም። መጥረቢያውን ለአጎትህ ስጠው፣ እኔ እስክመለስ እሱ ቤት ይቀመጥ።

እናትህ