የፈታሁብሽ ስፌት

ውድ ልጄ፣

ትናንት የኩዊልት ኤግዚቢሽን ሄጄ ነበር። ማታ ልደውልልሽ ብዬ ተውኩት። ይሄ በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

ኩዊልት የምልሽ ያ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋው የአልጋ ልብስ ነው። ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ መሀል ላይ ጥጥ፣ ከታች ገበር። ስፌቱ ሦስቱን አንድ ላይ ይይዛል፤ እሱ ባይኖር ጥጡ እየተንሸራተተ አንድ ጥግ ይከማቻል። ለካ ያ ሁሉ ያማረ መስመር ለውበት ብቻ አይደለም!

አዲሶቹ በማሽን የተሰፉ ናቸው። ጎበዝ ሥራ ነው፣ ግን ቶሎ አለፍኳቸው። እግሬ አልሄድ ያለኝ አሮጌዎቹ ጋ ነው። የግንድ ቤት የሚሉት ንድፍ አለ። መሀሉ ላይ ትንሽ ቀይ አራት ማዕዘን አለች፤ የቤቱ እሳት ናት ይላሉ። ዙሪያዋን ቀጫጭን ጨርቆች እንደ ግንድ ይደረደራሉ፤ ግማሹ ደማቅ፣ ግማሹ ጥቁርቁር ያለ። ራቅ ብለሽ ስታዪው ብርሃንና ጥላ ይሆናል።

አሜሪካ ውስጥ፣ አላባማ በሚባለው ግዛት፣ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የሚኖሩባት የባሮች የልጅ ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ያለቀ የሥራ ልብስ እየቆራረጡ ኩዊልት ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው ኒው ዮርክ ትልቅ ሙዚየም ውስጥ ታየ። ትናንት እንደነሱ ከአሮጌ ሱሪ የተሰፋ አንድ አየሁ። ጨርቁ በፀሐይና በእጥበት ብዛት ነጥቷል። አንድ ቦታ ላይ ግን የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ሰማያዊ ቀርቷል። ኪሱ የነበረበት ነው! ኪሱ ሲፈታ ከሥሩ ያለው ቀለም እንዳዲስ ነበር። ሰውየውን ያየሁት መሰለኝ፤ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ።

የሐሪየት ፓወርስን ሥራ ፎቶም ለጥፈዋል። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በጨርቅ እየቆረጠች ኩዊልት ላይ ሰፋች፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ለሕዝብ አሳየችው። በኋላ ሲቸግራት በ5 ዶላር ሸጠችው። ከዚያም ናፍቋት የገዛቻት ሴት ዘንድ እየተመላለሰች ኩዊልቱን ታየው ነበር። ልጇን ለሰው እንደሰጠች እናት። ዛሬ ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መንካት ክልክል ነው። ነጭ ጓንት ያደረገች አንዲት ሴት ግን የአንዱን ጠርዝ ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አሳየችኝ። ስፌቱ ደቃቅ ነው፤ የሰሊጥ ፍሬ ያህላል። እኩል እኩል እየሄደ፣ እየሄደ፣ ጥጉ ጋ ሲደርስ ድንገት ረዘመ። ተንጋደደ። «እዚህ ጋ እጁ ሌላ ነው» አለችኝ። ድሮ ብዙ ሆነው አንድ ኩዊልት ዙሪያ ተቀምጠው ይሰፉ ነበር። ያቺኛዋ ገና የምትማር ልጅ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ። ማንም አልፈታባትም።

አንቺ ትንሽ ሆነሽ አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትሰፊ ትዝ ይልሻል? ስትተኚ ፈትቼ በራሴ እጅ እሰፋው ነበር። ጠዋት ስታዪው ዝም ትይ ነበር። የዚያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ትናንት እዚያ ቆሜ አንጀቴ ተላወሰ። ከነዚያ ስፌቶች አንድ እንኳ ቢቀረኝ ምን ነበር? ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።

የልጅነት ልብሶችሽ ሳጥን ውስጥ አሉ። ኩዊልት ልሰፋባቸው ነው። እንዳይቆረጥ የምትፈልጊው ካለ ቶሎ ንገሪኝ፤ ቢጫዋን ቀሚስ መልስሽን እስክሰማ አልነካትም። አንዱን ጥግ ሳልሰፋ እተውልሻለሁ። ስትመጪ ትሰፊዋለሽ። እንደወጣልሽ ስፊው፤ አልፈታውም።

እናትሽ