የጥቅምት ዱባ

ሽቱትጋርት፣ ጀርመን፣ ጥቅምት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ጎንደር

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አባባስ፣ ጉልበቱ ተሻለው? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ጽጌን ትጾሚያለሽ? እዚያ አገር ደግሞ ምን ትበያለሽ?» ብለሽ ሳልመልስልሽ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እጾማለሁ፣ እማዬ። ዱባ እበላለሁ። ይህን ስትሰሚ ደስ እንደሚልሽ ስለማውቅ በደንብ ልጻፍልሽ ብዬ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ወር የሚባል ነገር ጠፍቶብኝ ነበር። ሱፐርማርኬት ውስጥ ቲማቲሙም፣ እንጆሪውም ዓመቱን ሙሉ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። እኛ እኮ ወሩን የምናውቀው ቅዳሜ ገበያ ወርደን ነበር። የባቄላ እሸት በቁና ተደርድሮ ካየን ጥቅምት ገባ ማለት ነው። እዚህ ግን ጥቅምትና የካቲት አንድ ሆኑብኝ። ሆዴ ይጠግባል፣ አፌ ግን ምንም አይለውም።

ኋላ ነው ገበያውን ያገኘሁት። መሀል ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይቆማል። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ዱባ አንስተው በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ልክ እንዳንቺ! እንደ ባዶ እንስራ ከጮኸ በስሏል። ከዚያ ጉቶውን በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ መድረቁን ሊያዩ። እንባዬ መጣ። ጓሯችን አጥር ላይ የተንጠለጠለው ዱባ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ዱባው ሆካይዶ ይባላል፤ በጃፓን ደሴት ስም ነው። ትንሽዬ ነው፣ መልኩ ብርቱካናማ። ልጣጩ ይበላል፣ እማዬ! በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላውቅ ስልጥ ዋልኩና ቢላዋው ተንሸራቶ ጣቴን ቆረጠኝ። አሁን አጥቤ ከነልጣጩ እቆራርጠዋለሁ።

ወጡን ባንቺ መንገድ ነው የምሠራው። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላላለሁ፤ ከዚያ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት። በርበሬው እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረግሁ። አንቺ ዱባው ከገባ በኋላ ውሃ አትጨምሪም፣ ራሱ ያወጣል ትያለሽ። ይሄኛው ግን እንደ ድንች ዱቄታማ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ፍል ውሃ ካላገኘ ከድስቱ ሥር ይይዛል። ማማሰያም አይወድም። ሩብ ሰዓት አካባቢ ይበስላል፣ ትንሽ ካለፈው ይፈርሳል። ስለዚህ ድስቱን በጆሮው ይዤ ነቅነቅ ብቻ አደርገዋለሁ። መጨረሻ ላይ መከለሻ። ቤቱ በኮረሪማ ሲታወድ ብርድ ባይሆን እንኳ መስኮት አልከፍትም።

ፍሬውንም አልጥልም፤ አድርቄ እቆላዋለሁ። እዚህ ከዱባ ፍሬ ዘይት ይጨምቃሉ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ዳቦ ነክሬ ስበላው ያ የናንተ የኑግ ዘይት ትዝ ይለኛል።

ከከተማው በስተደቡብ ፊልደር የሚባል ሜዳ አለ። የዚያ ጥቅል ጎመን ክብ አይደለም፤ ጫፉ ሹል፣ ቅጠሉ ስስ ነው። ከካሮትና ከድንች ጋር አልጫ ሲሆን ቶሎ ይበስላል፤ እኔ ከክቡ እሱን እመርጣለሁ።

ለአባባ የምነግረው ደግሞ አለኝ። እዚህ በመንገዱ ዳር የፖም ዛፍ ብዙ ነው። ባለቤቱ ግንዱ ላይ ቢጫ ጥብጣብ ካሰረ፣ አላፊ አግዳሚው ለቅሞ ይብላ ማለት ነው። መሬት ላይ ወድቆ እንዳይበሰብስ። አባባ የባቄላ እሸታችንን የሚቀጥፍ መንገደኛ ሲያይ ዞር ብሎ እንዳላየ ይሆን አልነበር? እኔም ባለፈው እሑድ አንድ ከረጢት ለቀምኩ። ጣፋጭ አይደለም፣ ኮምጠጥ ይላል። ከቀረፋ ጋር ስቀቅለው ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ያን ቀን ሉድቪግስቡርግ የምትባል ከተማ ሄደን ነበር። ትልቅ ቤተ መንግሥት አለ፤ በየዓመቱ በዚህ ወራት የአትክልት ቦታውን በዱባ ይሞሉታል፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዱባ። ግንባታው የተጀመረው በ1704 ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ያኔ የፋሲል ግንብ ከቆመ ስንት ዓመት ሆኖት ነበር! ይህንን አብረውኝ ለነበሩት ስነግር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሰው ዞር አለ።

እንጀራውን አትጠይቂኝ። ጤፍ እየገዛሁ እጋግራለሁ፣ ግን ዓይኑ እንዳንቺ አልወጣልኝም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። መከለሻው አንድ ማንኪያ ቢቀረኝ ነው። ጽጌ ህዳር 5 እስኪወጣ አያደርሰኝም። መንገዱ ሰላም ሆኖ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ትንሽ ላኪልኝ። ኮረሪማውን ግን እንዳትፈጪው። ከነልጣጩ ይምጣ፣ እኔው እዚህ እወቅጠዋለሁ።

ናፋቂ ልጅሽ