መጋዙን ከማንሳትሽ በፊት

ልጄ፣

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ከጓሮ ያለው ዛፍ ከዝናቡ ወዲህ ዘመም ብሏል፤ ቅዳሜ ራሴ አሳጥረዋለሁ» ስትዪኝ እሺ ብዬ ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ።

መጀመሪያ አናቱን ሳይሆን ሥሩን እዪ። ካዘነበለበት ጎን በተቃራኒው በኩል አፈሩ ተሰንጥቋል? ከፍ ብሏል? ነፋስ ሲመጣ መሬቱ አብሮ ይነሳል? እንዲህ ከሆነ ሥሩ ለቋል ማለት ነው። እዚህ ዛፍ ላይ ማንም አይወጣም፤ አንቺም አጠገቡ አትቁሚ። ይህ ዛፉ ላይ ሳይወጣ በማንሻ መኪና ላይ ሆኖ የሚሠራ ባለሙያ ሥራ ነው። ከልጅነቱ ጎብጦ ያደገ ዛፍ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሚዛኑን ጠብቆ ነው ያደገው። የሚያስፈራው በቅርቡ ዘመም ያለው ነው። ግርጌው ላይ እንጉዳይ ካየሽም ተጠራጠሪ። ግንዱን በእንጨት መዶሻ መታ መታ አድርጊው፤ እንደ ከበሮ ከጮኸ ውስጡ የተቦረቦረ ሊሆን ይችላል።

መሬቱ ካልተነቃነቀ ግን ማሳጠር በእርግጥ ይረዳል። ነፋስ ዛፉን የሚገፋው በአናቱ ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል። አናቱ ትንሽ ዝቅ ሲል ሥሩ ብዙ ሸክም ይቀልለታል። ሰው «አናቱን ቁረጪና ተገላገዪ» ይልሽ ይሆናል። አትስሚ። አናቱ የተቀላ ዛፍ ከቁስሉ ዙሪያ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያወጣል፤ እነሱም በደንብ ስላልተያያዙ ከዓመታት በኋላ እየተገነጠሉ ይወድቃሉ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚያጥረው ወደ ጎን እስከወጣች ታናሽ ቅርንጫፍ ድረስ ነው፤ እሷም ውፍረቷ ከሚቆረጠው ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ትሁን። በአንድ ጊዜ ደግሞ ከለምለሙ ክፍል ከሩብ በላይ አይነሳ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ልጅ ሆነሽ በጣትሽ የምትነካኪው ትከሻዬ ላይ ያለው ጉብታ፣ «ወድቄ ነው» ያልኩሽ፣ የዛፍ ነው። መሰላል ላይ ቆሜ እንደ ጭኔ የወፈረ ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ እየቆረጥኩ ነበር። ግማሽ ሳልደርስ ቋ አለ። ቅርንጫፉ የግንዱን ቅርፊት እንደ ጨርቅ እየላጠ ወረደና ተወዛውዞ መሰላሉን መታው። ከዚያ የማስታውሰው አፈሩን ነው።

ችግሩ የአቆራረጥ ነበር። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀሽ ከታች ወደ ላይ እስከ ሲሶው ትቆርጫለሽ። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ራቅ ብለሽ ከላይ ወደ ታች ቆርጠሽ ትጨርሻለሽ፤ ሲሰበር የታችኛው ቁርጥ ቅርፊቱን ያግደዋል። የቀረውን ጉቶ መጨረሻ ላይ ታነሺዋለሽ፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ እንደ አንገት ያበጠውን ቦታ ሳትነኪ፣ ልክ ከእሱ ውጪ። ቁስሉን ቀለም አትቀቢ። አሌክስ ሺጎ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ብዙ ግንዶችን በርዝመታቸው ሰንጥቆ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ዛፍ ቁስሉን እንደ እኛ ሥጋ አይጠግንም፣ ዙሪያውን ያጥረዋል እንጂ። ያን አጥር የሚሠራው በአንገቱ ነው።

የሞተር መጋዝ ይዘሽ መሰላል ላይ አትውጪ። በአንድ እጅም፣ ከትከሻሽ በላይም አትያዢው። የምላጩ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ፊትሽ ይወረወራል። መሬት ላይ ቆመሽ በእጅ መጋዝ የምትደርሺበትን ቅርንጫፍ ሥሪ፤ ከዚያ በላይ ያለው የባለሙያ ነው። የታጠፈና የተወጠረ እንጨት ካየሽ ደግሞ ተዪው፤ ሲለቀቅ እንደ ወስፈንጥር ይመታል። ሄልሜት፣ መነጽርና ጓንት ይኑርሽ። አጠገብሽ አንድ ሰው ይኑር፤ ልጆቹ ግን ቤት ይሁኑ። ነፋስ ካለ ቀኑን ቀይሪው። ሽቦ በቅርብ ካለፈ ምንም ሳትነኪ መስመሩን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ደውዪ።

ዛሬ ሳይመሽ የግርጌውን ፎቶ በ4ቱም ጎን አንሺና ላኪልኝ፤ ሽቦው የት እንዳለም ከራቅ ብለሽ አንድ ጨምሪ። ሳላየው መጋዝ እንዳታስነሺ። ቅዳሜ በጠዋት እመጣለሁ።

አባትሽ