ይድረስ ሊዮን ላለኸው ወንድም ዓለም

አዲስ አበባ፣ ኅዳር

ወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከነቤተሰቤ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የሰላምታ ቃል ለአንተ ከጻፍኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል። ዝምታውን የጀመርኩት እኔ ስለሆንኩ መስበርም ያለብኝ እኔ መሆኔን አውቃለሁ፤ ያዘገየኝ ሌላ ምክንያት ሳይሆን ኀፍረት ነው።

ያን ምሽት ሳትረሳው እንደማትቀር እገምታለሁ። ጉልበትህ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀዶ ክለቡ ካሰናበተህ በኋላ ማታ ማታ መዝፈን ጀምረህ ነበር፤ እኔም ስድስት ኪሎ በተከራየናት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሜ «ሩጫህን ለአዝማሪነት ሸጥከው» አልኩህ። አዝማሪ የሚለው ቃል በእኛ አገር ስድብ ሆኖ መቆየቱ ራሱ ነውር ነው፤ እኔ ግን እንደሚያቆስልህ እያወቅሁ ነው የመረጥኩት። አንተ ኮትህን ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ አንድም ቃል ሳትመልስ ወጣህ። በሁለተኛው ወር ከአገር መውጣትህን ከሰው ሰማሁ።

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት እህትህን አገኘኋት። ሊዮን እንደምትኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታም ለአገር ልጆች እንደምትዘፍን ነገረችኝ። ሊዮን ስትለኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ በአልጋህ ራስጌ ግድግዳው ላይ የለጠፍከው የፈረንሳዊው ቴኒስ ተጫዋች የያኒክ ኖህ ሥዕል ነው፤ አጎትህ ከውጭ ካመጣልህ መጽሔት ላይ የቆረጥከው፣ ድሬድ ጸጉሩን በላብ ያራሰ፣ ራኬቱን ወደ ሰማይ ያነሣ። ያን ጊዜ ስለ ሰውዬው ከስሙ በቀር የማውቀው አልነበረም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ታሪኩን ፈልጌ እያነበብኩ ሰንብቻለሁ፤ ይቅርታዬን ያለ እሱ ታሪክ መናገር ስላልቻልኩ በትዕግሥት አንብብልኝ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ፤ አሁን አንተም የምትኖረው በዚያው ነውና።

ነገሩን ከአባቱ መጀመር እወዳለሁ። ዛካሪ ኖህ ከካሜሩን ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ለሴዳን ቡድን እግር ኳስ የተጫወተ ሰው ነበር፤ በ1961 ከቡድኑ ጋር የፈረንሳይን ዋንጫ አንሥቷል። ብዙም ሳይቆይ ጉዳት ደርሶበት መጫወቱ ተቋረጠ። ያኒክ የተወለደው እዚያው ሴዳን ውስጥ ግንቦት 1960 ሲሆን እናቱ ማሪ ክሌር ፈረንሳዊት መምህርት ነበረች። አባትየው መጫወት ካቆመ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ካሜሩን፣ ወደ ያውንዴ ተመለሰ፤ ልጁም ያደገው እግሩ ገና በወጣትነቱ ከሜዳ ባገደው አባት ቤት ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ያንተ ጉልበት ትዝ እያለኝ ብዙ ጊዜ ማንበቤን አቋርጫለሁ።

በ1971 ጥቁር አሜሪካዊው ቴኒስ ተጫዋች አርተር አሽ ከጓደኞቹ ጋር አፍሪካን ሲጎበኝ ያውንዴ ደረሰ፤ እዚያም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሲጫወት አየ። አሽ ያደገው ነጮች በሚጫወቱባቸው ሜዳዎች ጥቁር በማይገባባት በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ከተማ ነው፤ ይህን ሁሉ አልፎ በ1968 የአሜሪካን ኦፕን አሸንፏል፤ በ1975 ደግሞ ዊምብልደንን ያሸንፋል። ለልጁ ራኬት ሰጠው፤ ከፈረንሳይ ቴኒስ መሪዎች አንዱ ለነበረው ለፊሊፕ ሻትሪዬም ነገረው። በዚህ ምክንያት ያኒክ ከወላጆቹ ተለይቶ ኒስ ከተማ ውስጥ ትምህርትና ስፖርት አንድ ላይ ወደሚሰጥበት ቦታ ተላከ። የእኔ ልጅ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጎረቤት ሲያድር እንኳ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም። ዛሬ በኒውዮርክ የአሜሪካ ኦፕን ትልቁ ስታዲየም በአሽ ስም፣ በፓሪስ የሮላን ጋሮስ ዋና ሜዳም በሻትሪዬ ስም ይጠራሉ፤ የዚያን ልጅ በር የከፈቱት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ግድግዳህ ላይ ስለነበረው ቀን ልንገርህ። ጁን 5 ቀን 1983፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 28 ቀን 1975 ነው። ኖህ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበር። በሮላን ጋሮስ ውድድር በሩብ ፍፃሜው ኢቫን ሌንድልን አሸንፎ ነው የመጣው፤ በውድድሩ ሙሉ አንድ ዙር ብቻ የተነጠቀውም በዚያ ጨዋታ ነው። በፍፃሜው የገጠመው ያለፈው ዓመት አሸናፊ የነበረውን ስዊድናዊውን ማትስ ቪላንደርን ነው። የሮላን ጋሮስ ቀይ አፈር ኳሷን ስለሚያዘገያት ከኋላ መስመር ቆሞ በትዕግሥት ለሚመልስ ሰው ይመቻል፤ ቪላንደርም የዚህ ትዕግሥት ጌታ ነበር። ኖህ ግን በዚያ በማይመቸው አፈር ላይ ኳሱን ለግቶ ወደ መረቡ እየሮጠ በአየር ላይ እየቀለበ ተጫወተ፤ 6 ለ 2፣ 7 ለ 5፣ 7 ለ 6 አሸነፈ። ፈረንሳዮች ከ1946ቱ ከማርሴል በርናር ወዲህ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሲጠብቁት የኖሩት ድል ነው፤ ከእሱ በኋላም እስካሁን አንድ ፈረንሳዊ ወንድ በነጠላ ይህን ዋንጫ አላነሣም።

ደጋግሜ ያየሁት ግን የመጨረሻውን ነጥብ አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ዛካሪ ከተመልካቹ መካከል ዘሎ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ትልቅ ሰው ነው፤ ገና በወጣትነቱ የተጎዳ እግር ያለው ሰው ነው፤ ዘሎ ግን ይወርዳል። ልጅየው ሲያየው ወደ እሱ ይሮጣል፤ ይተቃቀፋሉ፤ ልጁ አባቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሠላሳ ሰባት ዓመት የጠበቀ ሕዝብ በዙሪያቸው እየጮኸ ሁለቱ ግን ብቻቸውን ያሉ ይመስላሉ። ያ አባት የራሱ ሩጫ ያለ ጊዜው የተቆረጠበት ነው፤ ልጁ ደግሞ ያንን እያየ ያደገ ነው። እኔ ያንተ ጉልበት ሲበላሽ ዘልዬ የማቅፍህ ሰው መሆን ሲገባኝ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሰደብኩህ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የቴኒስ ዘመኑን በአጭሩ ላልፈው። በ1984 ከኦንሪ ለኮንት ጋር የሮላን ጋሮስን የጥንድ ዋንጫ አነሣ፤ በ1986 በነጠላ ከዓለም ሦስተኛ፣ በጥንድ አንደኛ ሆነ። በጠቅላላው 23 የነጠላ ዋንጫ ሰበሰበ፤ ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች በነጠላ ያሸነፈው ግን ያንን አንዱን ብቻ ነው።

አሁን ወዳንተ ከተማ እመጣለሁ። በ1991 ኖህ መጫወቱን ትቶ አገሮች በቡድን በሚገጥሙበት የቴኒስ ውድድር፣ በዴቪስ ካፕ፣ የፈረንሳይ ቡድን መሪ ሆኖ ነበር፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ «ሳጋ አፍሪካ» የተሰኘው ዘፈኑ ፈረንሳይን አስጨፍሯል። የዴቪስ ካፑ ፍፃሜ ሊዮን ውስጥ በዤርላን የስፖርት አዳራሽ ነበር፤ ተጋጣሚዋ አሜሪካ ታላላቅ ተጫዋቾቿን አጋሲንና ሳምፕራስን ይዛ መጣች። ኖህ በዚያው ዓመት ጀርባውን ተቀዶ የነበረውን ለኮንትን መረጠ፤ ብዙ ሰው ያለቀለት ነው ብሎ የተወውን ሰው ማለት ነው። ለኮንት ሳምፕራስን በሦስት ተከታታይ ዙር ረታ፤ ከጊ ፎርጌ ጋር ሆኖ የጥንዱን ጨዋታም አሸነፈ፤ ፎርጌ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ሳምፕራስን አሸንፎ ነገሩን ጨረሰው። ፈረንሳይ ዋንጫውን ካየችው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ያን ጊዜ የኖህ ዘፈን አዳራሹ ውስጥ ተለቀቀ፤ ተጫዋቾቹም ተያይዘው ተሰልፈው፣ መሪያቸው አብሯቸው እየጨፈረ፣ ሜዳውን ዞሩት።

ይህን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ከእንጦጦ ሥር ጀምረን ዳገቱን ስንወጣ ሁልጊዜ የሆነ ዜማ በአፍንጫህ ታንጎራጉር ነበር፤ ዳገቱ ሲጠነክር ዜማው ይዘገያል፣ ሜዳው ሲመጣ ይፈጥናል፣ እግርህም አብሮ። እኔ ከኋላህ ሆኜ «ትንፋሽህን ቆጥብ» እያልኩ እቆጣህ ነበር። ለካ ትንፋሽህን የምትለካው በእሱ ነበር። ዘፈኑ ከጉልበትህ መበላሸት በኋላ የመጣ መጠጊያ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው እዚያው ሩጫው ውስጥ ነበረ፤ በየማለዳው ስሰማው ኖሬ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ዘፋኝነቱ ለኖህ የቀና መንገድ ነበር ብዬ አልዋሽህም። ከ1991ዱ ዘፈን በኋላ በ1993 እና በ1998 ያወጣቸው አልበሞች ያንን ያህል አልሰመሩለትም፤ ስመ ጥር ስፖርተኛ ለጊዜው ሲዝናና ነው ብሎ ማለፍ ለሰው ቀላል ነበር። ድምፁም እንደ ጥላሁን ገሠሠ አዳራሽ የሚሞላ አይደለም፤ ሻካራና ለስለስ ያለ፣ አጠገብህ ተቀምጦ የሚያወራህ የሚመስል ድምፅ ነው። እሱ ግን ሳያቋርጥ ሠራ። በ2000 በስሙ የሰየመው አልበም ወጣ፤ በውስጡ ያለው «ሲሞን ፓፓ ታራ» የካሜሩኑን አያቱን የሚያስታውስ ዘፈን ነው፤ ሕዝቡም በሙሉ ልብ የተቀበለው ከዚህ ጀምሮ ነው። ከመጀመሪያው ዘፈኑ እስከዚህ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ልምምድ ምን እንደሆነ ላንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከዚያ በኋላ ለተከታታይ ዓመታት ፈረንሳዮች በጣም የሚወዱትን ሰው ሲጠየቁ የእሱን ስም ከፊት ያስቀምጡ ነበር። መስከረም 2010 ላይ ስታድ ደ ፍራንስ በተባለው ትልቅ ስታዲየም ውስጥ ዘፈነ። መድረክ ላይ ሲወጣ ባዶ እግሩን ነው፤ ይህን ሳይ ጫማ ሳታደርግ ጃን ሜዳን የዞርክባቸው ማለዳዎች ናቸው የመጡብኝ።

ስፖርቱንም አልተወውም። በ1996 በዴቪስ ካፕ ፍፃሜ ማልሞ ላይ ስዊድንን በሜዳዋ ያሸነፈው የፈረንሳይ ቡድን መሪ እሱ ነው፤ በዚያ ፍፃሜ ወሳኙ ጨዋታ አምስተኛው ዙር 10 ለ 8 ነው ያለቀው። በማግስቱ ዓመት የሴቶቹን ቡድን መርቶ የሴቶቹን የአገሮች ውድድር የፌድ ካፕን ዋንጫ አስነሣ። አባቱ ዛካሪ በጃንዋሪ 2017 ያውንዴ ውስጥ አረፈ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኖህ ለሦስተኛ ጊዜ የዴቪስ ካፕን ዋንጫ ሊል አጠገብ ቤልጅየምን አሸንፎ አነሣ። ያን ቀን ከተመልካቹ መካከል ዘሎ የሚወርድ አባት አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ አባቱ ወደ ኖረባት ወደ ያውንዴ ተመልሶ መኖር ጀምሯል።

ወንድም ዓለም፣ ያን ቀን ለተናገርኩህ ቃል ይቅር በለኝ። ሸጥከው ያልኩህን ነገር አልሸጥከውም፤ ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቼ ነው የምነግርህ። አንድ ነገር ልለምንህ፦ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመዝፈንህ በፊት፣ ጊዜ ካለህ፣ ዤርላን ድረስ ሄደህ አዳራሹን እይልኝ። ማታ ደግሞ ስትዘፍን በስልክ ቀድተህ ላክልኝ። የትኛውን ዘፈን ልላክ ካልከኝ፣ ዳገቱ ላይ ታንጎራጉራት የነበረችውን ትዝታ እፈልጋለሁ፤ ስሟን ጠይቄህ አላውቅም ነበር።

እናታችን ደህና ናቸው፤ ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኔን ስነግራቸው «ሳምልኝ» ብለዋል። ሥዕሉም እኔ ጋ ነው። ክፍሏን የለቀቅሁ ቀን ከግድግዳው በምላጭ ቀስ ብዬ አንሥቼው ነበር፤ የቀኙ ጥግ ብቻ ትንሽ ተቀዷል፣ ራኬቱም ሆነ ፊቱ ደህና ነው። ሳይታጠፍ እንዲደርስህ በሁለት ካርቶን መካከል አድርጌ አዘጋጅቼዋለሁ፤ አድራሻህን ብቻ ላክልኝ።

የጃን ሜዳው የልምምድ ጓደኛህ