አሮጌ የስፖርት ሞተር ሳይክል ለምትገዙ አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

ከመካከላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2002 የተመረተውን ሱዙኪ ኤስቪ 650 ገዝተው ለማደስ ያሰቡ ስላሉ፣ ከክፍያ በፊት ሊታዩ የሚገባቸውን ጉዳዮች ለማሳሰብ እንወዳለን። ይህ ሞዴል በካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ በሚያቀርብ ክፍል) የሚሠራ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከነበረ የደረቀ ቤንዚን ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል፤ ስለዚህ ሻጩ አስቀድሞ እንዳያሞቀው ጠይቃችሁ ሞተሩ በቀዝቃዛው ሲነሣ ተመልከቱ፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ጎማው ያልተበላ ቢመስልም ዕድሜውን በጎኑ ከታተሙት አራት አኃዞች አረጋግጡ፤ 2314 ማለት እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። የፊት አሞርዛተር ዘይት ማንጠባጠብም ሆነ የካቴና ማርጀት ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል፤ የተጣመመ ሻንሲ (ሞተሩንና ጎማዎቹን የሚሸከመው ዋና ብረት) ግን በርካሽም ቢሆን አይገዛም። ገንዘባችሁንም ከቀለም በፊት ለፍሬን ዘይትና ለጎማ መድቡ።

አስተባባሪዎቹ